ድምፅ የሌለው ተራ ጠሪ

ሙሐመድኑር ሪያድ፣ ጉበይራ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ መግሰላ በሚሉት የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የሚሠራው። ሌላው ያጥባል፣ እሱ ይተኩሳል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ካውያ እንደጨበጠ ነው። እጁ ባዶ ሲሆን እንኳ ጣቶቹ የሆነ ነገር የያዙ ይመስላሉ። የሰፈሩን ሰው በፊቱ ሳይሆን በልብሱ ነው የሚለየው። ማን እንደወፈረ፣ ማን የወጥ ቤት ሥራ ትቶ ግንባታ እንደገባ፣ የማን ሚስት አገር ቤት እንደሄደች፣ ሁሉንም ከአንገትጌና ከእጅጌ ያነበዋል። ማንበብ ከተባለ እሱ ይህንን ነው የሚያነበው። ሌላውን ፊደል ሲያይ ግን ላብ ላብ ይለዋል።

አይናፋር ነው። አይናፋር ሲባል ደግሞ እንዲሁ ትንሽ አንገቱን የሚደፋ አይነት አይደለም። ደንበኛ መጥቶ «መቼ ይደርሳል?» ካለው፣ መልሱን ለሸሚዙ ይነግረዋል እንጂ ለሰውዬው አይነግረውም።

«ምን አልክ?» ይሉታል።

ይደግመዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያንሳል። ሦስተኛው ላይ ሰውዬው ራሱ ገምቶ ይሄዳል።

አባቱ ግን እንዲህ አልነበሩም። ወሎ ውስጥ፣ ቦርከና ዳር፣ ሙሐመድኑር ባደገበት ሰፈር ፍል ውሃ አለ። በድንጋይ የታጠረች አንዲት ገንዳ ናት። በሽታ ያለበትም የሌለበትም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይዘፈዘፍባታል። ገንዳዋ አንድ ስለሆነች እስከ ቀትር ወንዶች፣ ከቀትር በኋላ ሴቶች ይገባሉ። ተራውን የሚጠሩት የሙሐመድኑር አባት ነበሩ። ቋጥኝ ላይ ወጥተው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፦

«ወንድ በቃው! እናቶች ደርሰዋል! ውጣ! ልበስ! ተከናነብ!»

ይህን ሲሉ ከወንዙ ማዶ በሬ የሚያጠጣው ሰውዬ እንኳ ደንግጦ ልብሱን ያያል ይባላል። «ተከናነብ» የምትለዋን በተለይ ረገጥ ያደርጓት ነበር። ከፍል ውሃ የወጣን ሰው ነፋስ ካገኘው አለቀለት። አንገቱ ይገተራል፣ ወገቡ ይያዛል፣ ምኑ ቅጡ። ይህን የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም፣ ሪያድ ሃያ ዓመት ቢኖርም አይረሳውም።

የአባትየው ድምፅ ለማን እንደሄደ አይታወቅም። ለልጃቸው ግን አልደረሰም።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ወደ መግሰላው እየሮጡ መጡ። ወልደሚካኤል ይባላሉ፣ ሰዉ ጋሽ ወልዴ ይላቸዋል። ከከተማው ደቡብ፣ የተምር እርሻ ዘበኛ ናቸው። የባለቤቱን የሰዑድን ቀይ ሽማግ፣ ራሱ ላይ የሚጠመጥመውን ጨርቅ፣ ሲተኩሱ አቃጥለውት፣ የካውያ ቅርፅ እንደ ማኅተም መሃሉ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ልጄ፣ ሰዑድ ደግ ሰው ነው። ግን ይቺን ሽማግ አባቱ ናቸው የሰጡት» አሉ።

ሙሐመድኑር ሽማጉን ተቀበላቸው። በኮምጣጤ አሸ፣ በእንፋሎት ነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ተኮሰ። ከሰዓት በኋላ ሽማጉ ላይ የቀረውን ነገር ለማየት ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ማፍጠጥ ያስፈልግ ነበር። ጋሽ ወልዴ ግንባሩን ሳሙትና «አርብ ናልኝ፣ አንድ ነገር አሳይሃለሁ» አሉት።

ያሳዩት ውሃ ነው። እርሻው የሚጠጣው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ምን ያህል እንደሚጠልቅ ጋሽ ወልዴ ሲናገሩ በየሳምንቱ ይጨምራል። ውሃው ከመሬት ሆድ ሲወጣ ይጨሳል። ተክሉን እንዳይቀቅለው መጀመሪያ ሰፊ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ ይበርዳል። በገንዳው ዙሪያ ከሰው ቁመት ትንሽ የሚበልጥ የብሎኬት ግንብ አለ። ሙሐመድኑር ተንበርክኮ ጣቱን ነከረ። አሸተተ። የተቀቀለ እንቁላል የመሰለ ሽታ አለው።

«ቦርከና» አለ። ያ ቃል ከካውያ ቤት ውጭ ጮክ ብሎ የተናገረው የዓመቱ የመጀመሪያ ቃል ሳይሆን አይቀርም።

ሰዑድም ነገሩን ሲሰማ ስቆ፣ «አርብ አርብ ወገኖችህን አምጣ፣ ከማግሪብ ሶላት በፊት ብቻ ገንዳው ከሰው ባዶ ይሁን» ብሎ ፈቀደ። ወሬው በሦስት ቀን ያገራችን ሰው የሚሰበሰብበት ባጥሐ ደረሰ። ቃሲም የሚባል የሚኒባስ ሹፌር አለ፣ ሆዱ መሪውን የሚነካ፣ ድምፁ ጡሩንባ የማያስፈልገው። እሱ ሰውን ማመላለስ ጀመረ። ሰባት ወንድ፣ አምስት ሴት። ከጁምዓ ሶላት እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ወንዶች ይገባሉ፣ ከዚያ ሴቶች። ጠሪ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ ሙሐመድኑር ዞረ።

«የጠሪ ልጅ እያለ ሌላ ማን ይጠራል?» አለ ቃሲም።

ሙሐመድኑር «እኔ እንኳን ድምፅ የለኝም» አለ። ማንም አልሰማውም። በዚያው ተሾመ።

የመጀመሪያው አርብ ሰዓቱ ሲደርስ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ወንዶቹ እስከ አገጫቸው ሰምጠዋል። ቃሲም የሱፍ ቆቡን እንዳደረገ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ወንድ በቃው» አለ ሙሐመድኑር።

«ኑርዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታንሾካሽከው? ከውሃው ጋር?» አለ ቃሲም ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ሴቶቹ... ደርሰዋል።»

«ነፋሱ ትንሽ ይብረድ እንጂ ወንድሜ! ልትገድለን ነው?»

ነፋሱ አልበረደም። የሪያድ የጥር ነፋስ ደግሞ ከበረሃ ሲመጣ ቢላዋ ነው። ወንዶቹ ማግሪብ ሊደርስ ሲል ወጡ። ሴቶቹ ሚኒባሱ ውስጥ እንደተቀመጡ ደረቅ ሆነው ተመለሱ። በሁለተኛው አርብም እንደዚያው። ያኔ እትዬ አስናቀች ተናገሩ። የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ፎቅ ለፎቅ ሲያጸዱ ጉልበታቸው ያለቀ ሴት ናቸው፤ አንደበታቸው ግን ምንም አልሆነም።

«ስሙኝማ» አሉ ከሚኒባሱ መስኮት። «እኔ ከጉልበቴ ጋር ተማክሬ ነው የምመጣው። ዛሬ ትገባለህ ብዬው ነው ያን ሁሉ ደረጃ የወረደው። ይኸው ሁለት አርብ ጉልበቴን ዋሸሁት። እናንተ እዚያ ውስጥ እንደ ሽንብራ አብጡ! በሦስተኛው ካልገባሁ እኔ አስናቀች እዚህ መንገድ ላይ አልታይም።»

ሰኞ ዕለት ጀሚላ መግሰላው መጣች። ጀሚላ ከአምስቱ ሴቶች አንዷ ናት፤ ባዲዓ በሚባል ሰፈር፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ሹሩባ ትሠራለች። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ፣ በየሰኞው፣ ያችኑ ጥቁር አባያዋን ይዛ ትመጣለች። ሙሐመድኑር ያችን አባያ ሲተኩስ ትንፋሹን ይይዛል። ባዲዓ ውስጥ ስንትና ስንት መግሰላ እያለ በአውቶቡስ ይህን ያህል መንገድ ለምን እንደምትመጣ ጠይቋት አያውቅም። እንዴትስ ይጠይቃል?

አባያዋን ባንኮኒው ላይ አኖረችና አልሄደችም።

«ለአርብ እፈልገዋለሁ። ወደ ውሃው ስንሄድ ነው የምለብሰው።»

«እሺ» አለ ለአባያው።

«እትዬ አስናቀች የምሯን ነው። እሷ ከቀረች እኛም እንቀራለን፣ ያለ እሷ ጨዋታ የለም። ቃሲም ደግሞ ለሰባት ወንድ ብቻ መኪና አላስነሳም ብሏል። ኸላስ፣ ነገሩ ያበቃል ማለት ነው። አንተ ጠሪ አይደለህም እንዴ?»

«ኢንሻአላህ...»

«ኢንሻአላህ፣ አዎ። አንተስ? ቃል ትሰጠኛለህ?»

ካውያው አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ጭስ ጭስ መሽተት ጀመረ። ሙሐመድኑር ደንግጦ አነሳውና «እሰጣለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«እሰጣለሁ።»

ሁለተኛው እንደ ልማዱ ከመጀመሪያው አነሰ። ጀሚላ ግን ሰምታ ሄደች። ሙሐመድኑር በሕይወቱ ለማንም ቃል ሰጥቶ አያውቅም ነበር። ያልሰጠውም ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ነው። አሁን ግን ሰጥቷል። አርብ ወንዶቹ ካልወጡ እትዬ አስናቀች አይመጡም፣ ሚኒባሱ አይመጣም፣ ጀሚላም ከዚያ በኋላ አባያዋን ባዲዓ ታስተኩሳለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንቱን ሙሉ የእንፋሎቱ ማሽን በጮኸ ቁጥር ከሥሩ ሆኖ «ወንድ በቃው!» እያለ ተለማመደ። አጣቢው ባልደረባው አንድ ጊዜ ዞሮ «ታመምክ?» አለው።

ሦስተኛው አርብ ደረሰ። ሰማዩ አመድ መስሏል፣ ነፋሱ ከወትሮው ብሷል። አሥር ሰዓት ሲሆን ሙሐመድኑር ጠርዙ ላይ ቆመ። እንደ አባቱ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ሰባቱም ጭንቅላት ወደ እሱ ዞረ።

«ወን...» አለ። የቀረው እንደ ማንቆርቆሪያ ፉጨት ሆኖ በአፍንጫው ወጣ።

ውሃው ውስጥ ሳቁ ተነሳ። ማዕበል ሠራ።

«ያላ፣ እንደገና ሞክር! ወን ላይ ደርሰናል፣ ድ ቀርታለች!» አለ ቃሲም።

የእትዬ አስናቀች ድምፅ ከግንቡ ውጭ መጣ። «ጋሽ ወልዴ! ያን ትልቁን ማራገቢያ አምጡባቸው! ነፋስ ይፈሩ የለ? በነፋስ አስወጧቸው!»

ምክሩ ለጊዜው ጥሩ መሰለ። ጋሽ ወልዴ በበጋ ለፍየሎቻቸው የሚያበሩትን፣ ቁመቱ የበር ያህል የሆነውን ማራገቢያ እየጎተቱ አመጡ። ሰኩት። ማራገቢያው አጉረመረመና ውሃው ላይ ተነፈሰ። ወንዶቹ በአንድ ጊዜ «ኧረ! ኧረ!» ብለው ጠለቁ። ከሰባቱ ሰው ሰባት አፍንጫና አንድ የሱፍ ቆብ ብቻ ቀረ።

«አሁንማ ማን ይወጣል!» አለ ቃሲም በአፍንጫው። «ቅድም እንኳ ላስብበት ነበር። ነፋሱን እናንተው ራሳችሁ አመጣችሁብኝ። ኑሮዬ እዚሁ ነው!»

ማራገቢያው ጠፋ። ነገር ግን የፈሩት ፈርተዋል። ፀሐይዋ ከተምሮቹ ጫፍ ዝቅ ብላለች። ከግንቡ ማዶ ጀሚላ «ኑር፣ ከምን ደረሳችሁ?» ስትል ተሰማ። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። ሙሐመድኑር መሸሸጊያ ፍለጋ የጋሽ ወልዴ ክፍል ገባ።

እዚያ ጥግ ላይ ያ ካውያ ቆሟል። ሽማጉን ያቃጠለው ካውያ። ከጎኑ መተኮሻ ጠረጴዛው። በሩ ጀርባ ደግሞ የሰባቱ ወንዶች ጋቢ በምስማር ላይ ተደራርቦ ተንጠልጥሏል፤ ሙሐመድኑር አንዱን ሲነካው ቀዝቃዛ ነው። እጁን አላነሳም። አሰበ። እነዚህ ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም። መውጣት ነው ያስፈራቸው። ከዚያ ሙቀት ወጥቶ ይህን በረዶ የመሰለ ጋቢ ማን ይለብሳል? አባቱ ቋጥኝ ላይ ሆነው «ተከናነብ!» ሲሉ የቦርከና ፀሐይ ልብሱን አሙቃ ትጠብቅ ነበር። እዚህ ጥር ነው፣ ፀሐይዋም አሙቃ የምታቆይ አይደለችም።

ካውያውን ሰካ።

የመጀመሪያውን ጋቢ አራት አጥፎ ውሃ ረጨበት፣ ተኮሰው፣ ገለበጠው፣ እንደገና ተኮሰው። ክፍሉ በእንፋሎት ሞላ። ጋቢውን ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቅፎ ሮጠና ገንዳው ጠርዝ ላይ ዘረጋው። ጭስ ከላዩ ይነሳል።

ለጠርዙ ቅርብ የነበረው አቤ ነው፣ ቀጫጫ የግንባታ ሠራተኛ። «ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«ንካው» አለ ሙሐመድኑር።

አቤ አንድ ጣቱን ሰደደ። ወዲያው ከውሃው እንደ ዓሣ ዘሎ ወጣና ጋቢው ውስጥ ገባ። ሙሐመድኑር ከራሱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቅልሎ ጫፉን አንገቱ ሥር ወተፈለት።

«ወይኔ እናቴ!» አለ አቤ ከውስጥ ሆኖ። «እንደ ዳቦ እኮ ነው! አሁን እንደወጣ ዳቦ! ሰዎች፣ ምን ትሠራላችሁ እዚያ?»

ገንዳው ውስጥ አንገት ሁሉ ወደ አቤ ተመዘዘ። ከዚያ አንዱ «የእኔ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነው» አለ። ሌላው «ከአቤ ቀጥሎ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ!» አለ። ሦስተኛው «ዘግይተህ ገብተህ ቀድመህ ልትወጣ ነው?» ብሎ ገፋው። ሁለት አርብ ሙሉ ማንም ያላስወጣቸው ሰዎች አሁን ማን ቀድሞ ይውጣ በሚል ሊፈነካከቱ ደረሱ። ሙሐመድኑር ከካውያው ወደ ገንዳው፣ ከገንዳው ወደ ካውያው ይሮጣል። ጋሽ ወልዴ በር ላይ ቆመው «ተራ ያዙ! ተራ!» ይላሉ።

በመጨረሻ ሰፊው ገንዳ ውስጥ ቃሲም ብቻውን ቀረ። ለኩራቱ ሲል ትንሽ ቆየ። ሌሎቹ ስድስቱ እንደ ጆንያ ተጠቅልለው ቆመው ያዩታል።

«እሺ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «የኔስ?»

ሙሐመድኑር የቃሲምን ጋቢ ታቅፎ፣ ጭሱ ፊቱን እየሸፈነው፣ ወደ ሰማይ ቀና አለ።

«ነፋሱ ትንሽ ይብረድ እንጂ ወንድሜ» አለ።

ስድስቱ ጆንያዎች በሳቅ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ቃሲም ራሱ ሲስቅ ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ። ወጣና ተጠቀለለ። አንድ ጋቢ አልበቃውም፣ የጋሽ ወልዴ ብርድ ልብስ ተጨመረ።

ሴቶቹ ገቡ። ወንዶቹ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው መስኮቱን ሁሉ ዘጉ። ከግንቡ በኩል መጀመሪያ የተሰማው እትዬ አስናቀች ናቸው። ቃል አይደለም፣ ረጅም «እእእእፍ» ነው። ቀጥሎ «ጉልበቴ፣ ይኸው! አልዋሸሁህም!» አሉ። ሳቅ፣ የውሃ መንቦጫረቅ፣ አንዷ ሌላዋን «ዋና እችላለሁ ብለሽ የለ? ይሄ ዋና ነው ወይስ ልብስ ማጠብ?» ስትላት ይሰማል። ሙሐመድኑር ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። ቃሉን ጠብቋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ግን ማግሪብ እየቀረበ ነው። ጋሽ ወልዴ ሰዓታቸውን እያዩ መጡ። «ልጄ፣ ጥራቸው እንጂ።»

ሙሐመድኑር ግንቡን አየ። ወንዶቹን ገብቶ ጠቅልሎ ነው ያወጣቸው። እዚህ ግን መግባት የለም። በተቀመጠበት «እናቶች...» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

በዚህ መሃል አንድ እርጥብ እጅ በግንቡ ላይ ብቅ አለ። ጋቢ ይዟል።

«እኛስ?» አሉ እትዬ አስናቀች ከማዶ። «ወንዱን እንደ ዳቦ ጋግረህ ስታወጣ የሰማን አይመስልህም? ያላ፣ ተኩስልኝ! ካልሞቀ አልወጣም!»

እፎይ አለ። ተኮሰ። በግንቡ ላይ ሰጠ። «ኡፋ! ተባረክ!» ተባለ። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። መጨረሻ የመጣው ጋቢ አረንጓዴ ጥለት አለው። ሙሐመድኑር የማን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም። ጋቢ ጠርዙ አይተኮስም፣ እሱ ግን ጠርዙን ሳይቀር ተኮሰው። ወስዶ ወደ ላይ ዘረጋ። እጇ ጫፉን ያዘ። እሱ አልለቀቀም። ሳብ አደረገችው። አሁንም አልለቀቀም፣ መልቀቅ ረስቶት ነው።

«ኑር፣ እየቀዘቀዘ ነው እኮ።»

«ደግሜ ልተኩሰው?»

«ኧረ ተው፣ ስጠኝ።» እንደገና ሳብ አደረገችው። «ከባዲዓ እስከ ጉበይራ አባያ የማመጣው ለምን ይመስልሃል? ባዲዓ ካውያ ጠፍቶ?»

ሙሐመድኑር ብሎኬቱን አፍጥጦ አየ። «እኔም ሰኞ ሰኞ እጠብቅሻለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ማነስ ነበረበት። በአርባ አንድ ዓመት ዕድሜው ሁሉ እንደዚያ ነበር። ግንቡ ወፍራም ሆኖበት ይሁን፣ ጋቢው ከእጁ እያመለጠ ስለነበር ይሁን፣ እሱም አያውቅም፤ እጁን ጆሮው ላይ አደረገና፦

«ሰኞ ሰኞ እጠብቅሻለሁ! ከፈቀድሽ ቀሪውንም ቀን ልጠብቅሽ!»

ተምሮቹ ላይ የነበሩ ወፎች ተነሱ። ፍየሎቹ ጮኹ። ከግንቡ ማዶ የአራት ሴቶች እልልታ ቀለጠ።

«ፈቅዳለች!» አሉ እትዬ አስናቀች። «ራሷን እየነቀነቀች ነው፣ አንተ ስለማታያት እኔ ልንገርህ ብዬ ነው!»

ሚኒባሱ ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ። የቃሲም ጭንቅላት ከነቆቡ ብቅ አለ። «ኑርዬ! እዚህ ድረስ ሰማን! ይሄን ድምፅ የት ደብቀህ ነው እስከ ዛሬ የቆየኸው?»

ከኋላው ስድስት ሰዎች አንድ ላይ ጮኹ።

«መስኮቱን ዝጋ! ነፋስ!»